ለጭልፊት የወረወርኳት ቁራጭ ስጋ

ይህን ነገር እስከዚህ ዓመት ድረስ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለእህቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ ስድቤን፣ ውሸቴን፣ ስካሬን ሁሉ ዘርዝሬአለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን እዘላታለሁ። «ይቺ ቀላል ናት ልጄ፣ አታስጨንቅህ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። ቀላል እንዳልሆነች የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያደረግኳትም እኔ ነኝ። የምታነቡኝ ሰዎች እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ከመካከላችሁ ነገሩ በቀጥታ የሚነካው ሰው ሊኖር ይችላል።

ከጭልፊት መጀመር አለብኝ። የምኖረው አዳማ ዳር፣ ድሮ የጤፍ ማሳ በነበረ ሰፈር ነው። ከተማው እየገፋ ሲመጣ ቆቁና ጅግራው ጠፋ፤ ሚዳቋ እዚህ እንደነበረ የሚያስታውሱት ታላላቆቻችን ብቻ ናቸው። ጭልፊት ግን ቤት በተሠራ ቁጥር ረባች። በየማዕዘኑ ልኳንዳ ተከፈተላት፣ በየግቢው ጫጩት ተፈለፈለላት፣ በየባዶ ቦታው ቆሻሻ ተከመረላት፤ ምን ጎደላት? የመብራት ምሰሶ ላይ ትቀመጥና ጫፉ የተሰነጠቀ ጅራቷን እያጣመመች ታጠናናለች። ከተማሪ እጅ ሳምቡሳ ስትነጥቅ ጣቱንም ቧጭራ ነው የምትሄደው። በእኛ ሰፈር ስጋ ገዝቶ ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ሽቅብ እያየ ነው የሚራመደው። ፊት ለፊቱን እያየ የሚሄድ ካጋጠማችሁ እንግዳ ነው ማለት ነው።

እኔን ደግሞ በተለይ ታውቀኛለች። ሥራዬ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ መትከል ነው። ጫጩት ባላት ሰሞን ጎጆዋ አጠገብ ካለ ጣሪያ ላይ ከወጣሁ ከኋላዬ መጥታ አናቴን ትመታኛለች። ከግራ ጆሮዬ ጀርባ ያለው ጠባሳ የእሷ ነው። ደንበኞቼ ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አልቀየማትም፤ እሷ የተሰጣትን ትጠብቃለች። የተሰጠኝን ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ።

በሰፈራችን በሬ ወይም በግ ሲታረድ አንድ ሰው ረጅም ዘንግ ይዞ ይቆማል። ሥራው ስጋውን ከጭልፊት መከላከል ነው። ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ጭልፊት ሰው ሲያስነጥስ ጠብቃ የምትወርድ ፍጥረት ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህ ሥራ የእኔ ነበር፤ ለፋሲካ ይጠሩኛል፣ ለአረፋም ይጠሩኛል። «እሱ ከቆመ ጭልፊት ድርሽ አትልም» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ትምህርት ላይ ያልተመሰገንኩትን፣ ኳስ ላይ ያልተመሰገንኩትን በዚህ ተመሰገንኩ። ኩራቴ ሁሉ እዚያች ዘንግ ላይ ነበር ብላችሁ አልዋሸሁም።

እህቴ ትዕግስት ስታገባ ሃያዎቹን የጀመርኩ ጎረምሳ ነበርኩ። እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ከአጥራችን ወዲያ የሚኖሩት አዴ ዘይነባ ሙስሊም ናቸው። በከተማችን ሰርግ ሲደገስ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ እንደሚታረድ፣ አንዱ ወገን ያረደውን ሌላው እንደማይበላ የማያውቅ የለም። ስለዚህ በክርስቲያን ቤት ድግስ የሙስሊሞቹን ድንኳን የምትመራ አንዲት የታመነች ሙስሊም ሴት ትመረጣለች። አራጁን የምትጠራ እሷ ናት፤ ድስቱን ከቤቷ የምታመጣ እሷ ናት፤ ስጋው ከታረደበት እስከሚበላበት ዓይኗን የማትነቅል እሷ ናት። እንግዳው የሚበላው በእሷ ቃል ነው። ለእኛ ያቺ ሴት አዴ ዘይነባ ነበሩ፤ እኔን ከእናቴ እኩል ያሳደጉኝ፣ ስም ሳይጠሩ «ልጄ» ብቻ የሚሉኝ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ግቢያችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በዚህ በኩል የእኛ በሬ ተንጠልጥሎ ይበለታል። በዚያ በኩል፣ በሸራ ተከልሎ፣ የሙስሊሞቹ በጎች ስጋ እየተከተፈ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ይጨመራል። ሸራው ከጎን ነው እንጂ ከላይ ክፍት ነው፤ ሰማዩን እንድጠብቅ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ዘንጌን ይዤ መሀል ላይ ቆሜአለሁ። ጭልፊቶቹ ከባሕር ዛፉ እየተነሱ ይዞራሉ፤ አንዷም ግን አልደፈረችኝም። ደህና ነበርኩ። የአክስቶቼ ልጆች ከአዲስ አበባ እስኪመጡ ድረስ ደህና ነበርኩ።

አዲስ አበባም ጭልፊት ሞልቷል፤ እነሱ ግን ሰው የወረወረላትን በአየር ላይ ስትቀበል አይተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ይህን እችልበታለሁ። እንዴት እንደማደርገው ላሳያቸው ፈለግሁ፤ ማንም አላስገደደኝም። ከእኛ በሬ ከተቆረጠው ላይ አንዲት ቁራጭ አንስቼ ወደ ላይ ወረወርኩ። አንዷ ጭልፊት ከምሰሶው ተወርውራ በእግሯ ቀለበቻትና እየበረረች ጎርሳት ሄደች። ልጆቹ ተንጫጩ። አንደኛው «በናትህ ድገመው፣ ስልኬ አልያዘውም» አለኝ።

ደገምኩት። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ደገምኩት። ጭልፊት እንድትጠብቅ የተሾመ ሰው ጭልፊት ጠርቶ ያበላል? ሁለተኛዋን ቁራጭ ስወረውር ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛዋ ያዘቻት፤ ሌላኛዋ ከጎን ገጭታ አስጣለቻት። ቁራጯ በሸራው ላይ አልፋ ወረደች። ስትወድቅ አየሁ፤ ወዴት እንደወደቀችም አየሁ። የአዴ ዘይነባ ሳፋ ውስጥ ገባች።

ማንም አላየም። የአክስቶቼ ልጆች ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ተቀርጾ እንደሆነ ይፈልጋሉ። ሸራውን ዞሬ ገባሁ። ሴቶቹ ጀርባቸውን ለሳፋው ሰጥተው የመቂ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። አዴ ዘይነባ እንጨት ይገፋሉ። ወደ ሳፋው ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዩም ስጋ፣ ጮማውም ስጋ፤ የኔዋ የትኛዋ ናት?

«ምነው ልጄ፣ ምን ፈለግህ?» አሉኝ አዴ ዘይነባ።

«ውሃ» አልኳቸው።

ከጀሪካኑ ቀድተው ሰጡኝ። ሴቶቹን ዞር ብለው አዩና «እሱ ቆሞልን ምን እንሰጋለን፣ እናንተ ሽንኩርቱን ጨርሱ» አሏቸው። ውሃውን ጠጣሁ። ብርጭቆውን መለስኩ። ወጥቼ ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ስጋው ድስቱ ውስጥ ሲገለበጥ ጢሱ ከሸራው በላይ ወጣ።

እስኪ ፍረዱኝ። ጠዋት ነበር፤ ሰዓት ነበረ። ከአጥር ጀርባ ሌላ በግ ታስሮ ነበር፤ አራጁም ገና አልሄደም። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «አዴ፣ ስጋችን ሳፋችሁ ውስጥ ገባ» ብል አባቴ ይቆጣ ነበር፣ ሴቶቹ ያጉረመርሙ ነበር፣ ሌላ በግ ይታረድ ነበር፣ ያበቃ ነበር። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ሰርጉ እንዳይበላሽ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ዝም ያልኩት ስሜ እንዳይበላሽ ነው። «እሱ ከቆመ ጭልፊት ድርሽ አትልም» የተባልኩት እኔ፣ ለጨዋታ ጭልፊት ጠራሁ ከማለት ሰዎች የማይበሉትን እንዲበሉ መረጥኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ከመጡት እንግዶች አንዱ ኦቦ ቃሲም ነበሩ። ኦቦ ቃሲም የአዴ ዘይነባ ባለቤት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የሚኖሩት አርሲ፣ ዴራ ነው። እስከዚያ ቀን በክርስቲያን ግቢ እህል ቀምሰው አያውቁም። ጠላትነት አይደለም፤ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። የመጡትም ለሰላምታ ብቻ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እኔ እጅ እያስታጠብኩ ነው። ተራቸው ደርሶ ውሃ ሳፈስላቸው እጃቸውን አልዘረጉም፤ ቀና ብለው አዴ ዘይነባን ጠየቋቸው።

«ዘይነባ፣ ማነው ያረደው?»

«የኛው ሼህ ናቸው።»

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ከታረደ ጀምሮ ከእጄ አልወጣም፤ ሌላ ነገር አልነካውም።»

ይህን ሲሉ የእጅ ማስታጠቢያው በእጄ ነው። ከአዴ ዘይነባ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ቆሜአለሁ። አፌን ብከፍት ይሰማ ነበር። ኦቦ ቃሲም እጃቸውን ዘረጉ፤ ውሃውን አፈሰስኩ። «ቢስሚላህ» ብለው በሉ። ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ለእህቴ ዱዓ አደረጉላት። የድንኳኑ ሰው ሁሉ አሜን አለ፤ እኔም አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ ተጠንቀቁ፤ እኔን ብዙ ጊዜ ያታለለኝ እሱ ነው። ኦቦ ቃሲም ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችንን ለመዱ። አዳማ ለሐኪም ሲመጡ፣ ለገበያ ሲመጡ እኛ ጋ ጎራ ሳይሉ አይመለሱም። ከአባቴ ጋር የማይለያዩ ሆኑ፤ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው አንዱ በአማርኛ ሌላው በኦሮምኛ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። አባቴ ሲታመም ከዴራ እየተመላለሱ ጠየቁት። ሲሞትም ለቅሶ ቤት ከእኛ ጋር ተቀመጡ፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። እኔም በልቤ «ያኔ ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር» እል ነበር። ታዲያ ይህ ሰበብ ይሆናል? እነሱ ያፈሩትን ፍቅር ለኔ ዝምታ መሸፈኛ ላደርገው? ፍቅሩ የእነሱ ነው። ዝምታው የእኔ ነው። ኦቦ ቃሲም ደጃፋችን ሲደርሱ «አከም ጅርታ፣ ኢልማ ኮ»፣ እንዴት ነህ ልጄ፣ እያሉ ጭንቅላቴን ሲዳብሱኝ ሰበብ ፈልጌ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው። አዴ ዘይነባ ይህን እንደሰሙ እየሳቁ መጡና ለእናቴ፣ «የኛን ድንኳን ለማንም እንዳትሰጪ፤ እዚህ ቤት እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምበላው» አሏት። እናቴ አቅፋ ሳመቻቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እኚህን ሴት ያንን ደብቄባቸው እንደገና ላስምላቸው ነው? በዚያ ውሸት ላይ የገዛ ሰርጌን ልጀምር ነው?

በማግስቱ አዴ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩ። በርበሬ እየመዘኑ ነበር። «አዴ፣ ልነግርዎት የሚገባ ነገር አለ» ብዬ ጀመርኩና ሳላቋርጥ ጨረስኩት፤ ቁራጯን፣ ጭልፊቶቹን፣ ሳፋውን፣ ውሃውን። ሚዛኑን አስቀመጡ።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ባላወቅነው ወንጀል የለብንም፤ አላህ መሐሪ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን ስጋው አይደለም ያቃጠለኝ። ወላሂ ብዬ ስምል ማስታጠቢያ ይዘህ አጠገቤ ቆመሃል። እንዴት ዝም አልከኝ? እኔን?»

«ሂድ አሁን» አሉኝ። ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በአጥራችን መሀል ያለችው ትንሽ በር ተዘጋች። እናቴ «ዘይነባን ምን ነካት?» ትላለች፤ ነገርኳትና እሷም ፊቷን አዞረችብኝ። የሰርግ ካርድ እየታደለ፣ ድንኳን እየታዘዘ፣ ቤታችን ውስጥ ሳቅ ጠፋ። ጎረቤት ሳይኖር ሰርግ ምን ሰርግ ነው? ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ እያልኩ ጣሪያ ለጣሪያ ስዞር ከረምኩ።

አንድ ጠዋት ትንሿ በር ተንኳኳች። አዴ ዘይነባ የመንገድ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። «ልበስ። ዴራ እንሄዳለን። የማልኩለት ሰው እዚያ ነው፤ በራስህ አፍ ትነግረዋለህ» አሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መልካሳን አልፈን፣ የሶደሬን መታጠፊያ አልፈን፣ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሱም። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ከቦርሳቸው ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ። ሙዙን ይዤ እንባዬ መጣ፤ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ኦቦ ቃሲም ግቢያቸው ውስጥ ካለ ግራር ስር ነበሩ። «ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ ተቀመጡ» አሉን ደስ ብሏቸው። ተቀምጬ አልነገርኳቸውም፤ ቆሜ ነገርኳቸው። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቁራጯ ምን ታክላለች?» ብለው ነው። አውራ ጣቴን አሳየሁ። «አስተግፊሩላህ» አሉና መሬት መሬት አዩ። ጎረቤት ዶሮ ትጮሃለች። እኔ ስድብ እጠብቃለሁ፣ ከዚህ ግቢ ውጣ መባልን እጠብቃለሁ።

ቀና ሲሉ ዓይናቸው ፈርቷል። እኔን አልነበረም የፈሩት።

«አባትህ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም ነበር። ሳያውቅ ነው የሞተው።»

«በእግዜር?»

«በእግዚአብሔር ስም።»

ትንፋሻቸውን ለቀቁት። ከወንበራቸው ወደ ኋላ ደገፍ አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እንግዲያው እሱ አላታለለኝም» አሉ። «እኔ የፈራሁት እሱን ነው። ያንን ሰው ከሞተ በኋላ ልትወስድብኝ የመጣህ መስሎኝ ነበር።»

ያኔ ነው ያደረግሁት ነገር ስፋቱ የገባኝ። እኔ ስለ ስጋ ስጨነቅ ኖርኩ፤ እኚህ ሰው በዚያች ቅጽበት ሊያጡ የነበረው ወዳጃቸውን ነው። ዝም ብዬ ብሞት ኖሮ፣ ሌላ ሰው አዛብቶ ቢነግራቸው ኖሮ፣ አባቴን በመቃብሩ ውስጥ አጭበርባሪ አድርጌው ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አሉኝ። «ለራሴ ድርሻ ነው አፉ ያልኩት። ዘይነባ የራሷን ትናገር። ግን ኢልማ ኮ፣ እዚያ ድንኳን ውስጥ እኔ ብቻዬን ነበርኩ እንዴ?»

«ድንኳኑ ሙሉ ነበር።»

«የእነሱን እኔ ልሰጥህ አልችልም» አሉ። «ሰርግህ ላይ እመጣለሁ። ልብላ አልብላ እዚያ ስደርስ አያለሁ።»

አዴ ዘይነባ በመመለሻው ሚኒባስ ውስጥ አናገሩኝ። አፉ ማለታቸውን በቃል አልነገሩኝም፤ «ድንኳኑ ዘንድሮ ከላይም ይሸፈናል፣ ለእናትህ ንገራት» ነው ያሉኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አዳማ እስክንገባ ድረስ በልቤ ስደጋግማት መጣሁ።

የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በእህቴ ሰርግ ቀን በሙስሊሞቹ ድንኳን የተቀመጣችሁ፤ ከወንጂ በአንድ መኪና ተጭናችሁ የመጣችሁ፤ የአባቴ የሥራ ባልደረቦች የነበራችሁ፤ ጎረቤት ተከትላችሁ ገብታችሁ ቁጭ ያላችሁ። የብዙዎቻችሁን ስም አላውቅም፤ እጃችሁን ግን አስታጥቤአለሁ። አዴ ዘይነባ አልዋሹም፤ የሚያውቁትን ነው የማሉት። ጭልፊቷም የለችበትም፤ እሷ ስትፈጠር ጀምሮ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። የወረወርኩት እኔ ነኝ። ያየሁት እኔ ነኝ። ውሃ ጠጥቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ትንሽ ቁራጭ ናት አልልም። እናንተም አፉ በሉኝ ብዬ እለምናችኋለሁ፤ ካላላችሁም አልፈርድባችሁም።

ሰርጌ እዚያው ግቢ ነው። የሰፈሩን ሰው ከጠየቃችሁ ቤቱን ያሳያችኋል። ኑ። መብላት ካልፈለጋችሁ አትብሉ፤ ብቻ ኑ።